ተራራውን ማን ተሸከመው?

አንድ ተራራ የሚያስበሳ ሰው ነበረ። ቆይ፣ አትቸኩዪ፤ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። «አባ፣ እህቴ ባሏ ከሞተባት ወዲህ በሯ ድረስ እሄድና ሳልገባ እመለሳለሁ፤ ይህን የሚያህል ሐዘን በምን ቃል ይደገፋል?» ነው ያልሽኝ። ሰውዬውንም ያነሳሁት ለዚሁ ነው።

ሰውዬው ለመኪና መንገድ ተራራውን ውስጥ ለውስጥ የሚያስበሳ የሥራ አለቃ ነበረ። ሠራተኞቹ ጥቂት በቆፈሩ ቁጥር የተቦካ ሲሚንቶና አሸዋ በወፍራም ቧንቧ፣ በአየር ግፊት እያስወነጨፉ ጣሪያውንና ግድግዳውን ይረጩታል። የተረጨው እዚያው ተጣብቆ ይደርቃል። ውፍረቱ ስንዝር እንኳ አይሞላም። አለቃው ይህን ባየ ቁጥር «ተራራን የሚያህል ነገር በልስን ይያዛል እንዴ?» እያለ ይገረም ነበር። እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር።

አንድ ቀን መገረሙ አሸነፈውና «ከዚህ ወዲያ ያለውን እንዳትረጩ። ሁለት ክንድ ውፍረት ያለው የጥርብ ድንጋይ ግንብ እንሠራለታለን» ብሎ አዘዘ። ግንበኞች ተጠሩ፤ ድንጋይ መጥረብም ተጀመረ። ጥርብ ድንጋይ ግን እንደምታውቂው ቶሎ አይደርስም።

እስከዚያው አለቃው ከተረጨው ጣሪያ ሥር በርጩማ አስመጥቶ ተቀመጠና ያልተረጨውን ያይ ጀመር። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ተራራ የሚጠብቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ እንቁላል የምታህል ጠጠር ወደቀች። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም። ቀጥሎ እሷን ተደግፋ የነበረችው፣ ጡጫ የምታህለው ወረደች። ከዚያ ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ተከተለ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ በሬ የሚያህል ቋጥኝ ነበረ፤ በዙሪያው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ። እሱ ከወረደ ተራራው ተከታትሎ ሠራተኞቹ ላይ ይመጣል።

አለቃው ብድግ አለ። ያንን ቋጥኝ በቦታው ይዛው የኖረችው ያቺ ጠጠር መሆኗ አሁን ገባው። «ርጩት!» ብሎ ጮኸ። አንዱ ግንበኛ «ጌታዬ፣ ድንጋዩ ተጠርቦ ሊያልቅ ነው፤ ትንሽ ቢታገሡ» አለው።

«እስቲ ተራራውን ታገሥ በለው!» አለና ቧንቧውን ራሱ ነጥቆ ወደ ስንጥቁ አዞረው። ሠራተኞቹም እየሮጡ አገዙት። ሲሚንቶው በየቀዳዳው ገብቶ የላሉትን ትንንሽ ድንጋዮች እርስ በርስ አያያዛቸው። መንጠባጠቡ ቆመ፤ ቋጥኙም ባለበት ቀረ።

በማግስቱ አለቃው እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ «ታዲያ ተራራውን ማን ነው የተሸከመው?» ብሎ አሰበ። ልስኑ እንዴት ችሎ! ተራራው ራሱን ነው የተሸከመው፤ ድሮም እንደዚያው ነበረ። ልስኑ ትንንሾቹ ከቦታቸው እንዳይወጡ ያዛቸው፤ ያውም በጊዜው። ግንቡማ በኋላ ደርሶ ተሠራ።

አየሽ ልጄ፣ አንቺም ሁለት ክንድ የሚሞላ ቃል እየጠረብሽ ነው። የእህትሽን ሐዘን የምትሸከመው እህትሽ ናት፤ አንቺ ተሸከሚው አልተባልሽም፣ አትችይውምም። ነገር ግን ዛሬ እህል ሳትቀምስ ከዋለች፣ ነገ ከአልጋዋ ካልተነሳች፣ ከነገ ወዲያ ልጆቿን የሚያይላት ካጣች፣ ያን ጊዜ ነው ቋጥኙ የሚወርደው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ከሐዘኗ ይልቅ ያንቺ መዘግየት አስፈርቶኛል። ስለዚህ ቃል አትፈልጊ። አሁኑኑ ሂጂና በሩን ገፍተሽ ግቢ። «እህል ቀምሰሻል?» በያት። ካልቀመሰች አጉርሺያት።