ሁለት ጊዜ የዞሩት እንቁላሎች

አንዲት እናት ነበረች። ልጇ ትርሲት በእንቁላሎቹ ላይ በእርሳስ ያደረገችው የኤክስ ምልክት፣ ልጅቷ በመጣች ቁጥር ወደ ላይ ሆኖ ይጠብቃት ነበር። ትንሽ ነገር ናት። ትርሲት ልብ ያለቻት ግን በአሥራ ስድስተኛው ቀን ነው፤ ረፍዶ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ትርሲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣላትም። አንድ ደላላ ለሥራ ቤሩት እልክሻለሁ አላት። እናቷ አለቀሰች። በመጨረሻ እናትና ልጅ እንዲህ ተስማሙ፤ ትርሲት አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ አምፖል አስገብታ መፈልፈያ ሠራች፤ ሠላሳ ስድስት እንቁላል ደረደረችበት። ጫጩቶቹ ከወጡ ዶሮ እያረባች እዚሁ ትቀራለች። ካልወጡ ትሄዳለች።

ዶሮ ስትታቀፍ እንቁላሏን ራሷ ታገላብጣለች። በመፈልፈያ ግን ሰው ነው የሚያዞረው፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ካልዞረ ጫጩቱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። ትርሲት በአንዱ ጎን ኤክስ፣ በሌላው ጎን ክብ አድርጋ በሰዓቱ ታዞር ነበር።

እናትየዋስ? እናትየዋ እንቅልፍ አልነበራትም። ልጅቷ መፈልፈያው ካለበት ክፍል እስክትወጣ ጠብቃ ትገባለች። “ረስታው ቢሆንስ?” ትልና ሠላሳ ስድስቱንም አንድ በአንድ ታዞራለች።

ወዴት? ወደነበሩበት!

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ትርሲት ጠየቀቻት።

“እማዬ፣ እንቁላሎቹን የሚነካ ሰው አለ?”

“ማን ይነካቸዋል? አይጥ ይሆናል።”

“አይጥ ሠላሳ ስድስት እንቁላል ቆጥሮ ያዞራል?”

እናትየዋ መለሰች፣ “ትረሻለሽ ብዬ ነዋ! ያኔ ወተቱን እሳት ላይ ጥለሽ አልሄድሽም?”

“የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ እኮ፣ እማዬ!”

በሃያ አንደኛው ቀን ሰባት ጫጩቶች ወጡ። ሃያ ዘጠኙ እንቁላሎች ዝም አሉ። እናትየዋ ፍሪጁ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ “በገዛ እጄ ልሸኝሽ ነው” አለች።

ትርሲት የቀሩትን እንቁላሎች ከፍሪጁ አወጣች። ከዚያ፣ “አንድ ጊዜ ደግሜ እሞክራለሁ” አለች። “ግን እማዬ፣ እባክሽ እጅሽን አንሺልኝ።”

እህቶቼ፣ አትፍረዱባት። በክፋት አይደለም ያዞረችው። ልጇን እንዳታጣ ፈርታ ነው። እኔ ራሴ ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ የሚታየኝ ሆስፒታል ነው። ልጄ አሥር ደቂቃ ከዘገየ በሐሳቤ ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ከእናንተስ እንዲህ የማትሆን አለች?

ማክሰኞ ጸሎት ላይ፣ “ጌታ ሆይ፣ ልጄን ለአንተ ሰጥቼሃለሁ” እንላለን። አሜን እንላለን። ጫማችንን ሳናደርግ ስልክ አውጥተን፣ “የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ? ለምን አላነሳሽም?” እንላለን። እሱ አዞረ፤ እኛ መለስን። እሱ አዞረ፤ እኛ መለስን። ከዚያ፣ “ጌታ ለምን ዝም አለ?” ብለን እናዝናለን። ዝም ብሎ ነው? ወይስ እኛ ከኋላው እየገባን ነው?

ስጡ ስላችሁ አትውደዱ ማለቴ አይደለም። የሰጣችሁትን ተመልሳችሁ አትንኩ ማለቴ ነው።

ያቺ እናት ማታ ማታ ትርሲት የቆለፈችውን የቤቱን በር ተነስታ ትከፍትና እንደገና ራሷ ትቆልፈው ነበር። አዲሶቹ እንቁላሎች በገቡበት ዕለት ማታ ትርሲት አዙራቸው ወጣች፤ በሩ ጋ ሄደች። ቁልፉ ቀጭ ሲል እናትየዋ ሰማች። አንድ እግሯን ከአልጋው አወረደች። ትንሽ ቆየች። መልሳ ሰቀለችው።

ዛሬ ማታ የእናንተም ቤት በር ይቆለፋል። ቀጭ ሲል ከሰማችሁ፣ ተቆልፏል። ተኙ።