ጅብ የገጠመው መንሸራተቻ

አንድ ጊዜ ተራራ ጫፍ ላይ ባለች መንደር ከባድ በረዶ ጣለና መንገዱን ሁሉ ዘጋው። እንስሳቱ የሚንቀሳቀሱት እግራቸው ላይ ሳንቃ አስረው፣ በበረዶው ላይ እየተንሸራተቱ ሆነ።

በዚያ ሰሞን የእመት አህያ እህት ከሸለቆው ማዶ ልትወልድ ቀኗ ገብቶ ነበር። አህያ አዲስ መንሸራተቻ አገኘች፤ ነገር ግን እግር የሚይዘው ማሰሪያ ገና አልተገጠመለትም። ለዋጋው አንድ ማሰሮ ማር ይዛ ወደ ጦጢት ሱቅ ሄደች።

«ዛሬ ወረፋው ብዙ ነው፤ ነገ በጠዋት ነይ» አለች ጦጢት። «ክብደትሽን መመዘን፣ ኮቴሽንም መለካት አለብኝ። ማሰሪያው ስትሄጂ ይይዝሻል፣ ስትወድቂ ደግሞ ይለቅሻል። እሱን ማስተካከል ጊዜ ይፈልጋል።»

አህያ እያዘነች ስትመለስ ጅብና ቀበሮ መንገድ ላይ አገኟት። ቀበሮ ማሰሮውን አየና ወደ ጅብ ጆሮ ጠጋ አለ።

«አያ ጅቦ፣ ጦጢት እኮ የምታጠብቀው አራት ብሎን ነው። አንተ ካቻቢቴ የለህም? ማሩን ለሁለት እንካፈላለን።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ።

«እመት አህያ፣ እስከ ነገ ምን አስጠበቀሽ? እኔ ቤት ቁጭ ብዬ እገጥምልሻለሁ» አላት።

አህያ የእህቷ ነገር አስጨንቋት ነበርና እሺ አለች።

ጅብ በአንድ እጁ ማር እየዛቀ በሌላው ብሎን ያጠብቅ ጀመር። ማሰሪያው ሲወላወልበት እስከ መጨረሻው አከረረው።

«አያ ጅቦ፣ ብወድቅ ይለቀኛል?» አለች አህያ።

ጅብ አላወቀም። አላውቅም ለማለት ግን አፈረ።

«ምን ያስወድቅሻል?» አላት።

አህያ መንሸራተቻውን አስራ ጉዞ ጀመረች። ቁልቁለቱን እንዳጋመሰች ሳንቃው በረዶ የሸፈነውን ድንጋይ መታ። አህያ ተገለበጠች፤ ሳንቃው ተጠማዘዘ፤ ማሰሪያው ግን እግሯን አልለቀቀም። እግሯ ሲሰበር ሊሸኛት ከኋላ የሚከተላት ጅብ ድምፁን ሰማው። ሮጦ ደረሰና ተሸክሞ ወደ ቤቷ መለሳት። እህቷም ያለ እሷ ወለደች።

ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቃት መጣ። አህያ ለመጣው ሁሉ «አያ ጅቦ ባይሸከመኝ በረዶ ውስጥ እቀር ነበር» ትላለች። ምስጋናው ለጅብ ከስድብ ባሰበት። አንገቱን ደፍቶ በር ሥር ይቀመጣል። ቀበሮን ውጭ አግኝቶ «ምን ይሻለናል?» ቢለው፣ «እኔ ያወራሁት ወሬ ነው፤ ካቻቢቴውን የያዝከው አንተ» ብሎት ሄደ።

አንድ ቀን ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ሳለ አህያ ጅብን ጠራችው።

«እህቴ በሰላም ተገላግላለች። ጠንከር ስትል ልትጠይቀኝ መምጣት ትፈልጋለች፤ መንሸራተቻ ልልክላት ነው። ማሰሪያውን አንተው ግጠምላት።»

ጅብ ተነሣ። ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ተናገረ።

«እኔ መግጠም አልችልም። ያን ዕለትም አልችልም ነበር። ይለቀኛል ወይ ስትዪኝ አላውቅም ነበር፤ ማሩን ስለፈለግሁ፣ አላውቅም ለማለትም ስላፈርሁ ሸፋፈንኩት። እግርሽን የሰበረው ድንጋዩ አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

አህያ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ጅብ የእህቲቱን መንሸራተቻ ተሸክሞ በጦጢት ሱቅ ደጃፍ ተሰለፈ። ወሬው ቀድሞት ነበርና ከፊቱ የቆሙት እየዞሩ ያዩታል። እሱም ወረፋው እስኪደርሰው ድረስ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ከዚህ የምንማረው፣ «አላውቅም» ማለት የሚያሳፍረው ለአፍታ ሲሆን፣ ሳያውቁ አውቃለሁ ማለት ግን ያመነንን ሰብሮ እኛንም አንገት የሚያስደፋ መሆኑን ነው።