ምንጩ አልጨመረም

ልጄ ማኅደር የለችም። አራት ዓመቷ ነበር።

የምጽፈው የሂሳብ መምህሬ ወንዳፍራሽ የነገሩኝን ምሳሌ ነው። ምሳሌው የመጣው ግን በእሷ ምክንያት በጠየቅኩት ጥያቄ ስለሆነ፣ መጀመሪያ እሱን ልናገር።

ኤሌክትሪክ ልማር ፈልጌ ነበር። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ብሎኬት ማምረቻ ገብቼ ነበርና፣ የከተማችን ማሠልጠኛ መጀመሪያ መሠረታዊ ሂሳብ ተማርና ምዘናውን እለፍ አለኝ። ምዘናው ነጥብ የለውም። «ብቁ» ወይም «ገና» ይባላል። «ገና» የተባለ ሰው ኤሌክትሪክ ክፍል አይገባም።

የምንማረው ከሥራ መልስ ነበር። ዘበኛ አለ፣ ጸጉር ሠሪ አለች፣ ድንበሩ የሚባል የሚኒባስ ረዳት አለ። ሁላችንም ደክሞን እንመጣለን። ግን ደግ ጊዜ ነበር። አሁን ሳስበው ከዚያ የተሻለ ጊዜ ኖሬ አላውቅም።

ቤት ስገባ የቤት ሥራዬን የምሠራው ማኅደርን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው። ሳነብ ድምፄን አሰማለሁ። አንድ ቀን «ኤክስን ፈልግ» ብዬ ሳነብ ኤክስ ማነው አለችኝ። የማይታወቅ ቁጥር ነው አልኳት። የጠፋ ሰው መሰላት። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«አባዬ፣ ኤክስ ተገኘ?»

ተገኘ ካልኳት የት እንደነበረ ትጠይቀኛለች። አልጋ ሥር ነበር እላታለሁ። ጎንበስ ብላ ታያለች። ባለቤቴ የዝና ልጅቱን ውሸት አታስተምራት ትለኝና ራሷ ትስቃለች። ትልቁ ልጃችን አቤኔዘር ደግሞ ሰባት ዓመቱ ስለሆነ፣ ኤክስ ሰው አለመሆኑን እንደሚያውቅ ለማሳየት ከንፈሩን ይመጥጣል።

ኤክስን ጨርሰን ወደ አማካይ ስንገባ መምህር ወንዳፍራሽ ከመጽሐፉ ቁጥር አልሰጡንም። እያንዳንዳችን የቤታችንን ሰው ዕድሜ ጽፈን፣ ደምረን፣ አካፍለን እንድናመጣ አዘዙን። እኔ ሃያ ስምንት፣ የዝና ሃያ አምስት፣ አቤኔዘር ሰባት፣ ማኅደር አራት። የእሷን አራት እጇን ይዤ አብረን ጻፍነው። ትንሽ ጠመመ። ድምሩ ስድሳ አራት፣ አማካዩ አሥራ ስድስት።

በማግስቱ ድንበሩ ያመጣው አማካይ አምሳ አንድ ነበር። ቤቱ ያሉት እሱ፣ እኅቱና አያቱ ናቸው። አያቱን መቶ አሥር ብሎ ጽፏቸዋል። መምህሩ ወረቀቱን ገልብጠው አዩና፣ «አያትህ እናንተንም አብረው አሸመገሏችሁ እኮ» አሉት። ክፍሉ ሳቀ። ድንበሩ እሳቸው ራሳቸው ናቸው መቶ አሥር ያሉት ብሎ ተከራከረ። መምህሩም፣ አንድ ሰው ከሌሎቹ በጣም ሲርቅ አማካዩን ወደ ራሱ እንደሚጎትት፣ ያን ጊዜ በተራ ደርድሮ መሐል የዋለውን ቁጥር ማየት እንደሚሻል በዚያው አስተማሩን። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ክረምቱ ሲገባ ማኅደር በትኩሳት ሄደች። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። የክፍል ጓደኞቼ ድንኳኑ ውስጥ መጥተው ተቀመጡ። መምህር ወንዳፍራሽም መጡ፤ ብዙ ቆዩ።

ወደ ትምህርት ስመለስ ምዘናው ደርሶ ነበር። ኤክስን ፈልግ የሚለውን ክፍል እዚያው ሠርቼ ሰጠሁ። የቀረው የቤታችንን ሰው ዕድሜ እንደገና መዝግበን አማካዩን አውጥተን እንድናመጣ የሚለው ነው።

በሌላ ወረቀት ላይ ሞከርኩት። ሃያ ስምንት፣ ሃያ አምስት፣ ሰባት። ስድሳ ለሦስት፣ ሃያ። ከአሥራ ስድስት ወደ ሃያ ወጣ። የድሮውን ድምር ከአዲሱ ጋር አስተያየሁት። ስድሳ አራት ሲቀነስ ስድሳ፣ አራት። ብዕሩን አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን አልነካሁትም።

ማስረከቢያው ቀን ሁሉም ሰጥተው ወጡ። እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ድንበሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። መምህሩ ወረቀቴን ጠየቁኝ። ባዶውን ሰጠኋቸው።

«ጋሼ፣ ልጻፋት ወይስ ልተዋት?» አልኳቸው። «ብጽፋት ውሸት ነው። ብተዋት በገዛ እጄ ሰረዝኳት። ቁጥሩም ቤትህ ጨመረ ይለኛል። እንዲህ የሚል ሂሳብ ለምኔ ነው?»

ሰሌዳውን ጠረጉ። ከዚያ ውጤቱን ዛሬ ማስገባት እንዳለባቸው፣ ባዶ ወረቀት ይዘው «ብቁ» ሊሉኝ እንደማይችሉ ነገሩኝ። በኀዘኔታ ያለፈ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ኀዘኔታው ከአደጋ አያድነውም አሉ። ክፉ ብለው አይደለም። አግዳሚውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«አንድ ሰው ነበረ፤ የአንድ መንደር የውሃ አባት። ያ መንደር ያለው አንድ ምንጭ ነው። ምንጩ ትንሽ ነው፤ ግን በጋም አይነጥፍም። ገበሬዎቹ ቦይ ቆፍረው በተራ ያጠጣሉ። ተራው የደረሰ ሰው የቦዩን አፍ የዘጋውን ጭቃ በዶማ ይከፍታል፤ የውሃ አባቱ ጊዜውን በጥላ ለክቶ ይብቃህ ሲለው መልሶ ይዘጋል። ለውሃ አባትነት ሀብታም አይመረጥም፤ ጉልበተኛም አይመረጥም። የማያዳላ ሰው ነው የሚመረጠው። የራሱን ማሳ የሚያጠጣው ከሁሉ በኋላ ነው።

«ከገበሬዎቹ አንዱ ሞተ። ማሳው ከሁሉ በላይ፣ ከምንጩ አጠገብ ነበረ። ተራው ሲደርስ እያንጎራጎረ የሚያጠጣ ሰው ነበረ። ከታች ያሉት ዜማውን ሲሰሙ ተራው የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ወራሽ አልነበረውምና ማሳው ጦም አደረ። መንደሩ አለቀሰለት፤ ተዝካሩንም አወጣለት። ከዚያ የውሃ አባቱ ተራውን እንደገና ደለደለ። የሞተውን ሰው ጊዜ ለቀሩት አካፈለ። ደግ አደረገ። ለሞተ ሰው ውሃ አይደለደልም።

«የያንዳንዱ ተራ ረዘመ። በመጀመሪያ ሰሞን ምክንያቱን ሁሉም ያውቅ ነበር። ሰው ግን ይረሳል። በጋው እየገፋ ማሳው ሲረካ አንዱ ዘንድሮ ምንጩ በርትቷል አለ። ሌላው ተቀበለው። ሦስተኛው ለልጆቹ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ የማያምነው ሰው ጠፋ። ምንጩ ከጨመረማ ለምን ዝም ብለን እንቀመጣለን ተባባሉና፣ ከመንደሩ በታች ያለውን ደረቅ መሬት አርሰው ሸንኮራ ሊተክሉ ተማከሩ። ሸንኮራ ውሃ አይጠግብም። ለተክሉ መግዣ በሬ የሸጠም ነበረ።

«የውሃ አባቱ ምንጩ ያው ነው አላቸው። ሳቁበት። አባባ፣ እርስዎ ጥላ ሲያዩ ውሃው ያመልጥዎታል አሉት። ደግሞ ነገራቸው፤ አልሰሙትም። የያንዳንዱ ማሳ ረክቷልና በምን ይሰሙት?

«ሸንኮራውን ሊተክሉ የወጡ ቀን መንደሩ በሙሉ ቦዩ ዳር ተሰበሰበ። የውሃ አባቱ ዶማውን አንሥቶ ወደ ላይ ወጣ። የሞተውን ሰው ቦይ አፍ ከፈተ። ውሃው ጦም ባደረው ማሳ ላይ ፈሰሰ። አረም እንጂ ምንም ያልነበረበት መሬት ነው። ሰዎቹ ሮጠው መጡ። አበደ አሉ። አንዱ ዶማውን ሊቀማው እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው አልታገለም፤ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ያ ሰው በሕይወት ሳለ ያጠጣ የነበረውን ያህል፣ ጥላው ልኩ እስኪደርስ ድረስ አፈሰሰው። ከታች ያሉት ቦዮች ጎደሉ። ለያንዳንዱ የቀረው ተራ እንደ ድሮው አጭር ሆነ። ያን ጊዜ በጭቃ ዘጋው።

«"ጨመረ ያላችሁት ይኸ ነው" አላቸው። "የእሱ ነበረ።"

«ከመካከላቸው አንዱ የሟቹ ዜማ ትዝ ቢለው እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ። ሸንኮራው አልተተከለም። በማግስቱ የውሃ አባቱ እንደ ወትሮው ውሃውን ለቀሩት ደለደለ። ያን ቦይ ሁለተኛ አልከፈተውም።»

መምህር ወንዳፍራሽ ምሳሌያቸውን እዚህ ላይ ጨረሱ። ድንበሩ ከበሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የእነዚያ ሰዎች በሬ ተመለሰላቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። አልተመለሰላቸውም አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይታየው፣ አንተም የቤትህ የውሃ አባት ነህ» አሉኝ። «ስታካፍል የምታካፍለው ለቀሩት ነው። ዛሬ ሦስት ናችሁ፤ በሦስት አካፍል። በአራት ብታካፍል ሰው በሌለበት ማሳ ላይ ዘወትር ውሃ እንደሚያፈስ ሰው ትሆናለህ፤ በዚያ የሚጠማው ልጅህ አቤኔዘር ነው። እኔም "ገና" ብዬ እመልስሃለሁ። ሃያ የሚለው ቁጥር አልዋሸህም። ስንት ነን፣ ድምራችንስ ስንት ነው ብለህ ጠየቅከው፤ የጠየቅከውን መለሰ። ማን ጎደለ ብለህ አልጠየቅከውም። ያንን ቁጥር አይናገርም፤ ሰው ነው የሚናገረው። የመንደሩ ጥፋት ውሃውን መካፈሉ አልነበረም። ተካፍሎ ሲያበቃ ምንጩ ጨመረ ማለቱ ነው። አሁን እንካ፣ ወረቀቱን እስከ ታች አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው። ከስሌቱ ሥር «ውጤቱን በአጭሩ አብራራ» ይላል፤ ሁለት ባዶ መስመር አለው።

«ሁሉም እዚህ ላይ መልሱ ይኸ ነው ብሎ ያልፋል» አሉ። «መደመር አያቅታቸውም። እኔ ብቁ መሆናችሁን የማየው ግን በእነዚህ ሁለት መስመሮች ነው። የውሃ አባቱ ዶማውን አንሥቶ የወጣው እዚህ ላይ ነው። አንዴ ክፈተው። ከዚያ ዝጋው።»

ድንበሩ ብዕሩን ሰጠኝ። እሱና መምህሩ ወደ መስኮቱ ሄደው ስለ መንገዱ ጭቃ ያወሩ ጀመር። ሃያ ስምንት፣ ሃያ አምስት፣ ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ደመርኩ። ለሦስት አካፈልኩ። ሃያ አልኩ። ወደ ማብራሪያው ወረድኩ። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«አማካዩ ከአሥራ ስድስት ወደ ሃያ ጨምሯል። የጨመረው ማናችንም አድገን አይደለም። ከመካከላችን የአራት ዓመት ልጅ ስለጎደለች ነው። ስሟ ማኅደር ይታየው ይባላል።»

ሁለቱ መስመር አልበቃኝም። ከዳር ወጥቼ ጨረስኩት።

መምህር ወንዳፍራሽ ቆመው አነበቡት። ስሌቱን በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ለማንም እንደሚያደርጉት። «ብቁ» ብለው ፈረሙበት።

ድንበሩ እስከ መንገዳችን ሸኘኝ። ቤት ስገባ አቤኔዘር ተኝቷል። የዝና አለፍክ ወይ አለችኝ። አለፍኩ አልኳት። ምን ብለው ጠየቁህ አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩና የጻፍኩትን በቃሌ አልኩላት፤ ስሟ ላይ ስደርስ እሷም አብራኝ አለችው። የዚያን ቀን ከዚህ ሌላ የሠራሁት ነገር የለም።