የመስታወት ቆራጩ አደራ

አንድ መስታወት ቆራጭ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽ እንዳሻው ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ መስታወት ሲቆርጡና መስኮት ላይ ሲገጥሙ ስለኖሩ፣ እጃቸው ባዶ ሆኖ እንኳ አካሄዳቸው የመስታወት ተሸካሚ ነበር። ቀስ ብለው፣ ከግድግዳ ራቅ ብለው፣ ከኋላ የሚመጣውን እያዳመጡ ይሄዳሉ። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ እንዳሻው ጥላቸውም እንዳይሰበር ይፈራሉ» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ሐረገወይን የምትባል ነርስ ልጅ ነበረቻቸው። ሐረገወይን ራቅ ወዳለ አገር ጤና ጣቢያ ለአንድ ዓመት ተመደበችና የሰባት ዓመት ልጇን ናርዶስን ይዛ አባቷ ዘንድ መጣች። ናርዶስ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ከኋላዋ ተደብቃ ነበር።

«አባዬ፣ ካንተ ሌላ የማምነው ሰው የለም። አደራ።»

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አሉ ሽማግሌው። «እንደሰጠሽኝ አድርጌ እመልስልሻለሁ። አንዲት ጭረት አታገኚባትም።»

ቃላቸውን ለመጠበቅ በማግስቱ ሥራ ጀመሩ። መስታወት ሲያጓጉዙ እንደሚያደርጉት የጠረጴዛውን ማዕዘን ሁሉ በካርቶን ጠቀለሉት። ግቢው ውስጥ የነበረውን የዘይቱን ዛፍ ልጅቷ እንዳትወጣበት ዝቅ ዝቅ ያሉ ቅርንጫፎቹን ቆረጡ። ለበሩም ከእሷ ቁመት በላይ መቀርቀሪያ አበጁለት። ሲያካፋ «ጉንፋን»፣ ፀሐይ ሲወጣ «ምች»፣ ነፋስ ሲነፍስ «ብርድ» ይላሉ። እሷ እንዳይሰለቻት ደግሞ ስልካቸውን ሰጧት። ናርዶስ ብርድ ልብስ ተደራርቦ በተነጠፈበት ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ ቀኑን ሙሉ በስልኩ የመኪና እሽቅድምድም ትጫወታለች። ከደጅ የልጆች ጫጫታ ሲሰማ አንገቷን ቀና ታደርግና መልሳ ታቀረቅራለች።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን የሽማግሌው አብሮ አደግ ጋሽ ዘውገ መስታወት ሊያስቆርጡ መጡ። ጋሽ ዘውገ መካኒክ ነበሩ፤ ጡረታ ቢወጡም የግራሶ ሽታ አልለቀቃቸውም። ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጡ።

«እንዴት ነው እሽቅድምድሙ፣ የኔ እመቤት?»

«አሸነፍኩ» አለች ናርዶስ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል። ድምጿ ላይ የተለየ ነገር አልነበረም።

«ይሄ ነው ማሸነፍ? አያትሽ ሲያሸንፍ ጩኸቱ ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር!»

«አባባ ምን አሸነፈ?»

«ዘውገ፣ መስታወትህን ይዘህ ሂድ» አሉ ጋሽ እንዳሻው።

ጋሽ ዘውገ ግን ወሬ ከጀመሩ ፍሬን የላቸውም። «ኩሽኔታ ነዋ! ጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለቅመን፣ እንደ ጎማ ሳንቃ ላይ ገጥመን፣ ቁጭ ብለንበት ከወፍጮ ቤቱ ቁልቁል እስከ ድልድዩ እንለቀው ነበር። አያትሽን «ነፋሱ» ነበር የምንለው። አንድ ቀን መሪው እንቢ ብሎን ድልድዩ ጋ ከእማማ ጠጂቱ የሽንኩርት ጉሊት ውስጥ ገባን። ሽንኩርት ስንለቅም ዋልን፣ እሳቸውም ሲረግሙን ዋሉ። ይቺን ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ አየሻት? የዚያን ዕለት ናት።»

«አባባ! መስታወት ቆረጠኝ አላልከኝም?»

ጋሽ እንዳሻው ድንገት ሳል ያዛቸው።

ናርዶስ ጠባሳውን ቀርባ ለማየት ከሶፋው ዘላ ተነሣች። ብርድ ልብሱ እግሯን ያዛትና ወደቀች። ከፍታው ከሁለት ስንዝር አይበልጥም፤ የወደቀችውም ምንጣፍ ላይ ነው። ነገር ግን እጇን አላስቀደመችም። ክንዶቿ ጎኗ ላይ እንደተለጠፉ፣ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብላ በፊቷ ወደቀች። ከንፈሯ በጥርሷ ተሰንጥቆ ደማ።

ሽማግሌው ክፍሉን ዙሪያውን አዩት። «ምኑን ነው ያልሸፈንኩት? ምን ቀረኝ?»

ጋሽ ዘውገ የልጅቷን ደም እየጠረጉ፣ «ከመሸፈኑ አይደለም» አሉ። «እጇን አላየህም? እኛ ስንወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚነካው መዳፋችን ነበር። ማን አስተማረን? መሬቱ ራሱ።»

«አደራ አለብኝ እኮ፣ ዘውገ!»

«አለብህ እንጂ። ግን መስታወት መስሎህ ነው እንጂ የተሰጠህ ልጅ ናት። መስታወት ወድቆ አይማርም። ልጅ ይማራል።»

ጋሽ እንዳሻው ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷን አተኩረው ያይዋት ጀመር። ደረጃ ጋ ስትደርስ ቆማ እጃቸውን ትጠብቃለች። ድመት ስትዘልል ትደነግጣለች። አንድ ቀን ደጅ ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች ኳሳቸው በአጥር ገብቶ «ወርውሪልን!» ሲሏት፣ ኳሱን ቆማ አየችው እንጂ አላነሳችውም። ሐረገወይን ልትመለስ ጥቂት ቀናት ቀርተዋል። «ጭረት የለባትም» አሉ ሽማግሌው ለራሳቸው። «ታዲያ ለእናቷ የምመልስላት ምኗን ነው?»

ተነሥተው ጋሽ ዘውገ ቤት ሄዱ።

«ኩሽኔታ አለህ?»

«ምን ልታደርገው?»

«አትጠይቀኝ፤ ሐሳቤን እለውጣለሁ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳንቃ አመጡ፤ አራት ኩሽኔታ ገጠሙ፤ የፊቱን እንጨት በአንድ ቡሎን አስረው መሪ የሚሆን ገመድ አበጁለት። ጋሽ እንዳሻው ቡሎኑን ያጠብቃሉ፣ ይነቀንቃሉ፣ እንደገና ያጠብቃሉ። ከአሮጌ ጎማ ቆርጠው ከኋላ ፍሬን ሠሩ፤ ከጎኑም ሌላ ጨመሩ።

«ሁለት ፍሬን! አውሮፕላን ነው እንዴ የምንሠራው?»

«ሦስተኛ ቢኖረው ደስ ባለኝ» አሉ ጋሽ እንዳሻው፣ የምራቸውን።

እሑድ ጠዋት የወፍጮ ቤቱ ቁልቁለት ጸጥ ያለ ነው፤ ጠባብ ስለሆነ መኪና አይገባበትም። የመዶሻውን ድምፅ ሲሰሙ የሰነበቱ የሰፈሩ ልጆች ቀድመው ተሰብስበዋል። ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች ሄደው ጠጠሩን በእጃቸው ለቀሙ። ከዚያ ኩሽኔታውን አዩት፣ ናርዶስን አዩዋት፤ ልባቸው አልችል አለ።

«መጀመሪያ እኔ ልሞክረው። ምን ይታወቃል!»

ተቀመጡበት። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። ጋሽ ዘውገ ሳያስጠነቅቁ ገፏቸው። ኩሽኔታው ሲሚንቶው ላይ እየጮኸ ወረደ፤ ሽማግሌውም አብረው ይጮኻሉ። እስከ እኩሌታው ድረስ ጩኸታቸው «ያዙኝ!» ነበር። ከእኩሌታው በኋላ ግን ተለወጠ፤ ቃል የሌለው፣ የልጅ ጩኸት ሆነ።

አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ሮጣ ወጣች። «ምነው? ጋሽ እንዳሻው ሞቱ እንዴ?»

«ኧረ ተወለዱ!» አሉ ጋሽ ዘውገ።

ቀጥሎ ናርዶስ ከአያቷ ፊት ተቀምጣ ወረደች። ከዚያ «ብቻዬን!» አለች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ግን ገመዱን ለቀቁላት። ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል ኩሽኔታው ዞረና ተገለበጠ። ናርዶስ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጉልበቷ ተልጧል፤ ፊቷ ግን ደህና ነው። መዳፎቿን አገላብጣ አየች፤ ቀልተው አሸዋ ተጣብቆባቸዋል።

«አባባ! እጄ ቀደመኝ! አየኸው? እጄ ቀደመኝ!» ብላ እስክትንፈራፈር ሳቀች።

ያን ጊዜ ድልድዩ ጋ ሻንጣ የያዘች ሴት ቆማ ነበር። ሐረገወይን ናት፤ ሰኞ እመጣለሁ ብላ እሑድ መጣች። ናርዶስ ስታያት ብድግ ብላ በተላጠ ጉልበቷ የቀረውን ቁልቁለት ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጋሽ እንዳሻው ከኋላ እየተንደረደሩ ደረሱ።

«ልጄ… ጭረት አታገኚባትም ብዬሽ ነበር…»

ሐረገወይን የልጇን መዳፍ ገልብጣ አሸዋውን እፍ አለችው። ጉልበቷንም አየች። «ይሄ በውሃና በሳሙና ይድናል» አለች። ከዚያ ልጇን ትክ ብላ ተመለከተቻት። «አባዬ፣ ትቼልህ የሄድኳት ልጅ ግን ይቺ አይደለችም።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«ያቺ ቀሚሴን ይዛ ነበር የምትራመደው። ይቺ ብቻዋን ሮጣ መጣችልኝ።» ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ለመሆኑ ይሄ ነገር ለትልቅ ሰው ቦታ አለው?»

«አለው!» አለች ናርዶስ። «ፍሬኑን ግን አባባ ነው የሚያየው።»

እንግዲህ ዕቃ በአደራ ሲሰጠን እንደተቀበልነው መመለስ ታማኝነት ነው። ልጅ በአደራ ሲሰጠን ግን እንደተቀበልነው ከመለስነው አደራ በልተናል። ልጅ አድጎ ነው የሚመለሰው፤ እድገት ደግሞ ያለ ጥቂት ጭረት አይገኝም። እኛ የዱሮ ልጆች የተማርነው ከዛፉ፣ ከወንዙና ከቁልቁለቱ ነበር። ለልጆቻችን ግን ዛፉን ቆርጠን ስልክ ሰጠናቸውና፣ ለምን ፈሪ ሆኑ ብለን እንገረማለን። ልጆቻችሁን መኪና ወዳለበት አስፋልት ልቀቁ ማለቴ ግን አይደለም፤ አደራ! መንገዱን አስቀድማችሁ እዩ፣ ጠጠሩን ልቀሙ፣ ፍሬኑም ሁለት ይሁን፤ ሦስት ቢሆንም አልቃወምም። ከዚያ በኋላ ግን ገመዱን ልቀቁላቸው።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ እስቲ ጉልበታችሁን እዩ። እዚያ ያለችው ጠባሳ ከየት መጣች? ስታስታውሷት ፈገግ አላላችሁም? ታዲያ ለልጆቻችሁ ነግራችኋቸው ታውቃላችሁ ወይስ እናንተም «መስታወት ነው» ብላችኋቸዋል?