ስንሻውና ርካሹ ዲግሪ

አንድ ቀን ጠዋት፣ ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ የነበረው ስንሻው ገና ኮቱን ሳያወልቅ አለቃው አስጠሩት።

«ስንሻው፣ አዲስ መመሪያ መጥቷል» አሉት መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ከእንግዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው ሰው ኃላፊ ሆኖ አይቀመጥም። ያንተ ዲፕሎማ ነው። ተምረህ እስክትጨርስ በውክልና ትቆያለህ፤ ካልሆነ ግን ወንበሩን ለባለ ዲግሪ ታስረክብና ፋይል ታመላልሳለህ።»

«ዲግሪው ከየትም ቢመጣ ችግር የለውም?»

«እውቅና ካለው ተቋም መሆን አለበት! የውሸት ወረቀት ይዘህ ብትመጣማ ፋይል የምታመላልሰው ማረሚያ ቤት ውስጥ ነው።»

ስንሻው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። መማሩን አልጠላውም፤ የከበደው መክፈሉ ነው። ሰዎች ቋጣሪ ሲሉት ይከፋዋል። «ብሬን የምይዘው ሌላ ቤት ሄዶ እንዳይንገላታብኝ ብዬ ነው» ይላል።

ምሳ ላይ ለሚስቱ ለእታገኝ ነገራት።

«ታዲያ ተማር እንጂ! ምን ፊትህን ታጠቁራለህ?» አለችው።

«እማራለሁ። ግን በርካሽ።»

«ኧረ ስንሻው! ዲግሪ እኮ በግ አይደለም!»

«በግ ቢሆንማ በምን ዕድሌ! ላቱን ዳበስ አድርጌ፣ ዋጋውን ቆርጬ፣ ጎትቼ እመጣ ነበር።»

በማግሥቱ ፍለጋ ወጣ። መጀመሪያ የገባው ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ፣ በጸጉር ቤትና በጥርስ ሐኪም መካከል የተሸጎጠች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ላይ «ዲግሪ በስድስት ወር» ይላል። ክራባቱ እስከ ቀበቶው የወረደ ጎረምሳ ተነሥቶ ወንበር ሳበለት። ዋጋውን ሲነግረው የስንሻው ልብ ዘለለች። በዚያ ዋጋ ሁለት ዲግሪ ወስዶ አንዱን ለእታገኝ ቢሰጥስ ብሎ ሁሉ አሰበ። ግን የአለቃው ማረሚያ ቤት ትዝ አለው።

«ለመሆኑ እውቅና አላችሁ?»

«ጋሼ ደግሞ! ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ እኛን የማያውቅ ማን አለ?»

«የሰፈራችንን ሌባም የማያውቀው የለም» አለ ስንሻው ባርኔጣውን እያነሣ፣ «ዲግሪ ግን አይሰጥም።» ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ብልጥ ሆነ። መጀመሪያ ትምህርት ቢሮ ሄዶ እውቅና ያላቸው የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቀ፤ ቀጥሎ ከእነሱ መካከል ርካሹን ፈለገ። ርካሹ የዶክተር ላቀው ኮሌጅ ሆኖ ተገኘ። ቅዳሜና እሑድ ይማራሉ፤ በዲፕሎማ የተማራቸው ኮርሶችም ይያዙለታል ተባለ። ስንሻው ማኔጅመንት ተመዘገበና እየዘፈነ ቤቱ ገባ። እታገኝ የታመመ መስሏት ግንባሩን ዳበሰችው።

ዶክተር ላቀው ግን ዝም ብለው አልነበረም ርካሽ የሆኑት። ሰውዬው በበሩ በኩል በቅናሽ ያስገቡና በመስኮቱ በኩል ኪስ ይዳብሳሉ። ከክፍያ መስኮቱ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይወለዳል። የመታወቂያ ክፍያ አለ። የመታወቂያው ማንጠልጠያ ደግሞ ለብቻው ነው። ስንሻው ማንጠልጠያውን «ይቅርብኝ» ብሎ መታወቂያውን በፋይል ማሰሪያ ክር አንገቱ ላይ አንጠለጠለው፤ ጥበቃው ካየው ጀምሮ «ደህና አደሩ፣ ፋይል ቁጥር ስንት ነዎት?» ይለው ነበር። ተከፍቶ ለማያውቀው ቤተ መጻሕፍት ክፍያ ሲመጣ ደግሞ ስንሻው፣ «እሺ እከፍላለሁ፤ ቁልፉ የት ነው?» አለ። ቁልፉ ጠፋ፤ ክፍያውም አብሮ ጠፋ።

ሞጁል ግን ግድ ነው፤ ያለ እሱ አይጠናም። ስንሻው አብራው ከምትማር ስመኝ ከምትባል ነርስ ጋር ተማከረና አንድ ሞጁል በጋራ ገዝተው ከወገቡ ላይ ለሁለት ቀደዱት። እሱ የፊቱን ሲያነብ እሷ የኋላውን ታነባለች፤ በሳምንቱ ይለዋወጣሉ። አንድ ቅዳሜ መምህሩ ስመኝን አስነሥቶ፣ «የማኔጅመንትን ትርጉም ንገሪን» ቢላት፣ «መምህር፣ እሱ ያለው ስንሻው ጋ ነው፤ የኔ ተራ ገና ነው» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አልሆነለትም።

እንዲህ እየሳቁ ዓመታቱ አለፉና የመውጫ ፈተናው ደረሰ። እዚህ ላይ የስንሻው ሳቅ ተነነ። ይሄ ፈተና የሚመጣው ከላይ፣ ከመንግሥት ነው፤ ዶክተር ላቀው ቢፈልጉም አይቀንሱለትም፣ ስንሻው ቢከራከርም አይሰማውም። ካላለፉ ዲግሪ የለም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አንድ ባለ ዲግሪ ጎረምሳ በስንሻው ወንበር ዙሪያ መዞር ጀምሯል፤ አንድ ቀንማ ወንበሩን ሞከር አድርጎ፣ «ትንሽ ዝቅ ይላል፤ እኔ ስመጣ ከፍ አደርገዋለሁ» ሲል ሰምቶታል። ስንሻው እንቅልፍ አጣ። እታገኝ ሽንኩርት እየከተፈች ጥያቄ ታወጣለት፣ እሱ እንባውን እየጠረገ ይመልስላት ነበር።

«ከሽንኩርቱ ነው ከፈተናው?» ትለዋለች።

«ሁለቱም ያቃጥላሉ» ይላታል።

አለፈ! ውጤቱን በስልክ ሲያይ መዝገብ ቤት ውስጥ ወንበሩ ላይ ቆሞ ጨፈረ። ስመኝም አለፈች። ከዚያ ክፍል ያለፉት ጥቂት ነበሩና ዶክተር ላቀው በደስታ የስንሻውን ፎቶ አስተልቀው «የስኬታችን ፊት» ብለው የኮሌጁ በር ላይ ሰቀሉት። መታወቂያውን አንገቱ ላይ አድርጎ የተነሣው ፎቶ ስለነበር የፋይል ማሰሪያው ክር እንኳ አልቀረም።

ስንሻው ከአለቃው ፈቃድ ወስዶ ዲግሪውን ሊቀበል ሄደ። ግቢው በተማሪና በወላጅ ተሞልቷል። መስኮቱ ጋ ደርሶ ለገንዘብ ያዧ ስሙን ነገራት፤ ኮምፒውተሩን አየችና፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ የምርቃት ክፍያ አልከፈሉም» አለችው።

«የምን?»

«የምርቃት።» ዋጋውን ነገረችው። አንድ ሴሚስተር ሊያስተምር ምንም አይቀረው።

«እኔ ጋውን አልፈልግም። ቆቡንም አልፈልግም። አዳራሽም አልመጣም።»

«ቢመጡም ባይመጡም ይከፈላል። ካልተከፈለ ዲግሪው አይወጣም።»

ስንሻውን ላብ አጠመቀው። ያን ሁሉ መንገድ በቅናሽ መጥቶ ደፉ ላይ ሊበላ ነው! ድምፁ ከፍ አለ፤ ከኋላው የተሰለፉትም «እውነቱን ነው!» ማለት ጀመሩ። ጫጫታውን ሰምተው ዶክተር ላቀው ከቢሯቸው ወጡ፤ ሱፋቸውን ቆልፈው፣ ሆዳቸውን አስቀድመው።

«አንተ ስንሻው! ፎቶህን በር ላይ ሰቅዬልህ ግቢዬን ትረብሻለህ?»

«ዶክተር፣ ዲግሪዬን ይስጡኝና ልሂድልዎ። ምርቃቱ ይቅርብኝ።»

«ያለ ምርቃት ዲግሪ የለም!»

«እኔ እኮ ተመርቄያለሁ። ፈተናውን ያለፍኩ ዕለት እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ‹ከፍ ያድርግህ፣ ጠላትህ ይውደቅ› ብላ እስኪበቃኝ መርቃኛለች። እሷ ሳንቲም አልጠየቀችኝም።»

ሰልፉ ሳቀ። አንዲት እናት «አሜን!» አሉ። ዶክተር ላቀው ፊታቸው ቀላ።

«የእናትህ ምርቃት ቢሮ አያስገባህም!»

«ታዲያ የርስዎስ ምርቃት በምን ይበልጣል? እርስዎ ሲመርቁ ዝናብ ይዘንባል?»

ሳቁ ባሰ። ዶክተር ላቀው እንዲህ ሲሳቅባቸው አያውቁም ነበር። ጣታቸውን ስንሻው አፍንጫ ስር አምጥተው ጮኹ፦

«ስማኝ ሰውዬ! እኔ እዚህ የእርዳታ ድርጅት አልከፈትኩም! ነጋዴ ነኝ! ሸጥኩልህ፣ ገዛህ፣ አበቃ! የንግድ ሕግ ካላወቅህ ማኔጅመንት ተምረህ ምን ገባህ?»

ስንሻው ለአፍታ ያ ጎረምሳ ወንበሩን ከፍ ሲያደርግ ታየው፤ እሱ ደግሞ ፋይል በብብቱ ታቅፎ ደረጃ ሲወጣ። ቀጥሎ ግን ፊቱ ቀስ እያለ በራ፤ ጥርሱ ሁሉ ታየ።

«እሱን ነበር የምፈልገው ዶክተር! ንግድ ከሆነማ ተግባባን» አለ እየሳቀ። «እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ የት አገር ነው ምርቃት የሚያስከፍል ነጋዴ ያለው? ሰኞ ገበያ ቲማቲም የምትሸጠዋ ሴትዮ እንኳ አንድ ኪሎ ስገዛት ሁለት ፍሬ ምርቃት ትጨምርልኛለች! እኔ ከርስዎ ይሄን ሁሉ ዓመት ስገዛ ኖሬያለሁ፤ በሉ አሁን ምርቃቱን ጣል ያድርጉልኝና ልሂድ!»

ሰልፉ በእልልታ ቀለጠ፤ ዶክተር ላቀውም በገዛ አፋቸው ተይዘው ገንዘብ ያዧን «ስጪው!» አሏት። ዲግሪው እዚያው እልልታው ሳይበርድ ወጣ፤ በማግሥቱ ክፍያ መስኮቱ ላይ «የምርቃት» የሚለው ቃል ተፍቆ «የሽኝት አገልግሎት» ተብሎ ተጻፈ።