የአንበሳው መኪና እና የባትሪ ድንጋይ

አንድ ጊዜ አያ አንበሶ ጋሪ ሰለቸውና የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። እስከዚያ ቀን ጋሪውን የምትጎትተው አህያ ነበረች። በጫካው ሕግ የንጉሡን ሥራ የሚሠራን ማንም አይበላውም፤ አህያም በሕይወት የቆየችው በዚሁ ሕግ ነው።

ቀበሮ እንስሳቱን ሰብስቦ መኪናውን አስተዋወቀ። «ነዳጅ አይጠጣም፣ ገለባ አይበላም። የሚሄደው በባትሪ ድንጋይ ነው።»

ጥያቄ የነበረው ጅብ ብቻ ነው። «ታዲያ አህያ ከሥራ ወጣች ማለት ነው?»

«ከነገ ጀምሮ» አለ ቀበሮ።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ እመት አህያ» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «ነገ ቤትሽ መጥቼ እጠይቅሻለሁ።»

አህያ ጆሮዋን አቁማ ወደ አንበሳ ዞረች። «ጌታዬ፣ ድንጋዩን ማን ያመጣዋል?»

ሁሉም ሳቁ። ቀበሮ እንባውን ጠርጎ፣ «አይ አንቺ! ስሙ ነው እንጂ ድንጋይ እኮ አይደለም። ውስጡ እንደ ወረቀት የሳሳ መዳብ ነው» አላት።

«መዳቡስ ከየት ይመጣል?»

«ከተራራው ተቆፍሮ።»

«ሲቆፈር ምን ይመስላል?»

ተራራውን የሚቆፍረው ጃርት መለሰላት። «ድንጋይ ይመስላል። ድንጋይም ነው። ከአንድ ጭነት አንድ እፍኝ መዳብ ቢወጣ ነው። ተራራው ገደል ስለሆነ መኪና አይወጣውም።»

ሳቁ ቆመ።

«ለልጆቼም መኪና አዝዣለሁ» አለ አንበሳ። «ሻጮቹ ግን መዳብ አጥሯቸዋል፤ እናንተው ላኩልን ብለዋል። ማን ይሸከማል?»

«እኔ!» አለ ጅብ። አህያ ሥራ ፈትታ እንድትቀርለት ቸኩሏል።

በማግስቱ ጅብ ድንጋይ የሞላ ጆንያ ተሸክሞ ገደሉን መውረድ ጀመረ። መንገድ ላይ ራበው። ቀበሮ «ውስጡ መዳብ ነው» ያለው ትዝ ቢለው መዳብ ማለት መቅኔ መሰለውና ድንጋዩን ሁሉ ሰባብሮ ፈተሸ። ባዶ ጆንያና የተሸራረፈ ጥርስ ይዞ ተመለሰ።

«መዳቡስ?» አለ አንበሳ።

«ጌታዬ፣ አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው። ሌላ ቀድሞኝ በልቶታል።»

አንበሳ ወደ አህያ ዞረ። «ከነገ ጀምሮ ተራራውን ትወጫለሽ።»

«እሺ፣ ጌታዬ።» ስለ ጭነቱ ክብደት አልጠየቀችም፤ ጅብ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

ከርሞ የአንበሳ ልጆች ሁሉ መኪና ያዙ። አንድ ቀን አህያ ከነጭነቷ ከገደሉ ወርዳ መንገዱ ጋ ስትደርስ፣ የአንበሳ መኪና ኮሽ ሳይል አጠገቧ ቆመ።

«ሥልጣኔን አየሽ?» አለ አንበሳ በመስኮቱ ብቅ ብሎ። «አህያ ማስቸገር እኮ ቀረ።»

«ቀረ፣ ጌታዬ» አለች አህያ፤ መንገዱንም ለቀቀችለት።

ከዚህ የምንማረው፣ ኮሽ የማይል መኪና ውስጥ ከመግባታችን በፊት ሸክሙ ወደ ማን ጀርባ እንደተዛወረ መጠየቅ እንዳለብን ነው፤ እኔ ሳልጠይቅ ተሳፍሬያለሁና ይቅር በሉኝ።