ለምን ከተማ ገባችሁ?

አንድ ቀን የሸክላ ሜዳ ሰው «ስለ ውሃው ጉዳይ ስብሰባ አለ» ተብሎ ተጠራ። ሸክላ ሜዳ ከከተማው ዳር ያለ ሰፈር ነው። ድሮ ጡብ የሚቃጠልበት ባዶ መሬት ነበር። ኋላ ላይ ከየገጠሩ የመጣ ሰው ቆርቆሮ ከቆርቆሮ እያስደገፈ ሰፈረበትና ወፍጮ ቤትም፣ ሱቅም፣ የሕፃን ጫጫታም የሞላው ሰፈር ሆነ። የጎደለው ውሃ ነው። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወንዝ ይወርዳሉ፣ የወንዙ ዳገት ደግሞ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው።

ከነዋሪዎቹ አንዱ አያ ይመር ይባላል። ሥራው ግንበኛ ነው፣ አገሩ ወይራ ገደል። ቀልደኛ ነው ይሉታል እንጂ እሱ ራሱ ሲስቅ ያየው የለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መሬት መሬት እያየ ስለሚናገር ሰው የሚስቀው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ያን ሰሞን ግን ቀልዱም ጠፍቶበት ነበር። ሚስቱ ዘሀራ ውሃ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ተንሸራታ ክንዷ ተሰብሯል። ወጌሻ አስሮላት፣ እጇን በሻሽ አንጠልጥላ ቤት ተቀምጣለች። ሊወጣ ሲል ጠራችው።

«ይመር፣ ዛሬስ አፍህን ያዝ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ እንዳታስቀይማቸው። ውሃውን ብቻ ይዘህልኝ ና።»

«እሺ» ብሏት ወጣ። ከልቡ ነበር እሺ ያለው።

ስብሰባው በወፍጮ ቤቱ ግቢ፣ በድንኳን ውስጥ ነው። ሰብሳቢዋ የከተማው ውሃ አገልግሎት ኃላፊ ወይዘሮ እልፍነሽ ናቸው። አጠገባቸው ከላይ የተላኩ የስነ ሕዝብ ባለሙያ ተቀምጠዋል፤ አቶ ልዑልሰገድ ይባላሉ። ክራቫት አስረው፣ ላፕቶፕ ከፍተው፣ ድንኳኑ ላይ ነጭ አንሶላ አሰቅለው ጀመሩ።

«ውድ ተሳታፊዎች፣ ልማት የሚመራው በመረጃ ነው። የመረጃ ሁሉ እናት ደግሞ ቆጠራ ነው» አሉና አንሶላው ላይ ካርታ አበሩ። «ይህ ሸክላ ሜዳ ነው። በቆጠራው መሠረት እዚህ ቦታ ላይ ነዋሪ የለም።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት የምታጠባ እናት ልጇን ወደ ደረቷ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ ታዲያ አሁን ለማን ነው የምትናገረው?»

«አባቴ፣ የላችሁም ማለቴ አይደለም። በአካል አላችሁ። በመረጃ ደረጃ ነው የሌላችሁት። ቆጠራው ሲካሄድ ይህ ቦታ ባዶ ሜዳ ነበር።»

«የሚቀጥለው ቆጠራስ መቼ ነው?»

«ሲደርስ ይነገራል።»

ሽማግሌው አመስግነው ተቀመጡ። ባለሙያው ሌላ ሥዕል አበሩ፤ ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ እየሾለ የሚሄድ ነገር ነው። ከኋላ አንዱ «ይኼ ጎጆ ደግሞ የማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ጎጆ አይደለም፤ የዕድሜ ፒራሚድ ይባላል። ከታች ሰፍቶ የምታዩት ሕፃናቱን ነው። እየወጣ ሲሄድ ወጣቱ፣ ከዚያ ጎልማሳው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አዛውንቱ ነው።»

ሽማግሌው አንጋጠው ጫፉን አዩትና «ለዚህ ነዋ የሚነፍስብን» አሉ።

አያ ይመር እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰም። የዘሀራን አደራ አስቦ ከንፈሩን ገጥሞ ተቀምጧል። ግን ስለ ውሃው የሚነሳ ነገር እንደሌለ ሲያይ እጁን አወጣ።

«እኔ እንኳ ቆጠራው አያጣኝም፣ ጌታው። የወይራ ገደል ሰው ነኝ፣ እዚያው ተቆጥሬያለሁ። የኔ ውሃ የት ነው ያለው?»

አቶ ልዑልሰገድ ደስ አላቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠብቁ የቆዩ ይመስላሉ። ላፕቶፑን ነካ ነካ አደረጉና «ወይራ ገደል፣ ይኸውና። በትንበያችን መሠረት የወይራ ገደል ሕዝብ በከፍተኛ ደረጃ ጨምሯል። ስለሆነም ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ፓምፕ ተተክሎ፣ ዘንድሮ ተመርቋል» አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ ጉምጉምታ ሆነ። ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ የወይራ ገደል ሰው ነው።

«ማን ሊጠጣው?» አለ አያ ይመር።

«ነዋሪው ነዋ።»

«ነዋሪው እኮ እኛ ነን። እዚያ የቀረችው አክስቴ ናት፣ ከፍየሎቿ ጋር።»

«እንግዲህ ትንበያ ማለት» አሉ ባለሙያው፣ በትዕግሥት፣ «ባለፈው ቆጠራ ላይ በየዓመቱ የሚወለደውን እየደመሩ መሄድ ነው። እንዲህ በትንሽ ቦታ ሲሆን ማን ለቆ እንደሄደ አይዝም።»

አያ ይመር ቀጠለ። «እኛ እዚያ ሳለን ጉድጓድ ቆፍሩልን ብለን ለምነን ነበር። ‹ቁጥራችሁ ትንሽ ነው፣ ለእናንተ ተብሎ ማሽን አይመጣም› አሉን። ምንጩ ሲደርቅ፣ ከብቱ ሲያልቅ ወጣን። እንግዲህ እዚያ ሳለን ትንሽ ነበርን፤ ለቀን ስንወጣ በዛን ማለት ነው።»

ሰው ሳቀ። ወይዘሮ እልፍነሽ እንኳ የሚያነቡት ነገር ያለ ይመስል ወደ ጠረጴዛው አቀረቀሩ። ይኼኔ አቶ ልዑልሰገድ ትዕግሥታቸው አለቀ። ክራቫታቸውን ላላ አድርገው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ችግሩ እኮ ይኼው ነው፤ ፍልሰት። ሁሉም ገጠሩን እየጣለ ከተማ ይገባል። ከተማው ደግሞ አልቻለም። የእኔ ምክረ ሐሳብ ግልጽ ነው። ውሃው ወይራ ገደል ገብቷል፤ እናንተም ወደ ቀያችሁ ተመለሱ፣ እዚያው ጠጡ። ለሸክላ ሜዳ ሌላ በጀት መያዝ ብክነት ነው፤ ለኃላፊዋም የምጽፍላቸው ይህንኑ ነው።»

ሳቁ ጸጥ አለ። ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ሁሉም አወቀ። ያለውን ሸጦ የመጣ አለ፣ ልጁን እዚህ ትምህርት ቤት ያስገባ አለ፣ የሚመለስበት ቤት ጣሪያው የወደቀ አለ። ሴቶቹ ወይዘሮ እልፍነሽን አዩ፤ ወይዘሮ እልፍነሽ ባለሙያውን አዩ። ባለሙያው ዝምታውን እንደ ማሸነፍ ቆጠሩትና ጨመሩበት።

«ደግሞስ እስቲ ንገሩኝ። ያን የመሰለ ንጹሕ አየር፣ ያን የመሰለ አገር ትታችሁ፣ ለምንድን ነው ከተማ የገባችሁት?»

አያ ይመር የዘሀራ አደራ ትዝ አለው፤ የታሰረው ክንዷም ትዝ አለው። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፣ እንደ ልማዱ መሬት መሬት እያየ፣

«እኛ ከተማ የገባነው፣ እናንተ ገጠር ስላልገባችሁ ነው» አለ።

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። አቶ ልዑልሰገድ ግን ነገሩን የሰሙት በአንድ ጆሯቸው ነው።

«ማነው ገጠር ያልገባው? እኔ?» አሉ፤ ፊታቸው ቀላ። «እኔ እንደ ሌላው ቢሮ ተቀምጬ አልሠራም። ያንተኑ ወይራ ገደልን ራሴ ለጥናት ገብቻለሁ። መንገድ በሌለበት፣ በመኪና ስንገጫገጭ ውዬ፣ ከነባለሙያዎቼ ገብቻለሁ። የአገሩ ሰው ካለ ይመስክር።»

አያ ይመር ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን ፊት ለፊት አያቸው።

«እኔ እመሰክራለሁ። ያኔ ገና አልወጣንም ነበር። ምንጩ ጠብ ጠብ ሲል አይተው ፎቶ አንሥተዋል። በግ አርደንልዎት በልተዋል፤ እጅዎን ያስታጠብንዎት በዚያችው ውሃ ነው።»

«ይኸው!» አሉ አቶ ልዑልሰገድ ወደ ሕዝቡ ዞረው።

«አዎ፣ ጌታው» አለ አያ ይመር። «መግባቱንስ ገብተዋል። አልገባዎትም እንጂ።»

ያን ቀን ቤት እስኪደርስ ሳቁን ያቆየ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ እልፍነሽ ስብሰባውን መምራት አቅቷቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ወጡ፤ በማግስቱም ካርታውን ቢሮ ትተው፣ ሸክላ ሜዳን በእግራቸው ከዳር እስከ ዳር ዞሩት፣ የወንዙንም ዳገት ወርደው ወጡት። ክረምቱ ሳይጠና የውሃ ቦኖ ሸክላ ሜዳ ገባ። ለአቶ ልዑልሰገድ ይግባቸው አይግባቸው ግን እስካሁን የተረጋገጠ መረጃ የለም።